ስለ ቫከን የሜታል መድረኮች የሚወራው እና እውነታው

በየዓመቱ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ሰሜን ጀርመን ውስጥ ያለች ቫከን የምትባል መንደር ጥቁር ቲሸርት በለበሰ ሰው ትጥለቀለቃለች። ነዋሪዋ ሁለት ሺህ ገደማ ነው፤ በሄቪ ሜታል፣ ማለትም ኃይለኛ ጊታርና ድራም ባለው የሮክ ሙዚቃ፣ ፌስቲቫሏ ሰሞን የሚገባባት እንግዳ ግን 85 ሺህ ይደርሳል። ነገሩ የተጀመረው በ1990 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቶማስ የንሰን እና ሆልገር ሂዩብነር የሚባሉ ሁለት የአካባቢው ወጣቶች የጠጠር ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ መድረክ ተክለው ስድስት ባንድ አጫወቱ። የመጣው ሰው ስምንት መቶ ቢሆን ነው። ዛሬ በሄቪ ሜታል ዓለም ከዚህ የበለጠ ስም ያለው ፌስቲቫል መጥራት ይከብዳል።

ቫከን ከሃምቡርግ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። እንዲያም ሆኖ እዚህ ጀርመን ካለነው ሐበሾች የረገጣት ጥቂት ነው፤ ስለ እሷ አስተያየት የሌለው ግን የለም። ሄዶ የመጣውም ቢሆን ወሬው አይገጥምም። አንዱ «ተአምር ነበር» ያለውን ባንድ ሌላው «ድምፁ እንኳ አልተሰማም» ይለዋል፤ ሁለቱም አንድ ሰዓት፣ አንድ ሜዳ ላይ ነበሩ። ብዙ ጊዜ የሚነሱትን አባባሎች አንድ በአንድ ልያቸው።

«ዘፋኙ ዝም ብሎ ይጮሃል»

እውነት ዝም ብሎ ቢጮህ ኖሮ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ ይዘጋ ነበር። የሜታል ዘፋኝ በበጋ ዛሬ ጀርመን፣ ነገ ቼክ፣ ከነገ ወዲያ ቤልጅየም እያለ ለሳምንታት ይዞራል። ይህን በባዶ ጩኸት የሚችል ጉሮሮ የለም። ያ ከሆድ የሚወጣ የሚመስለው ሻካራ ድምፅ፣ ግራውል የሚሉት፣ በአብዛኛው የሚፈጠረው ከዋናዎቹ የድምፅ አውታሮች ትንሽ ከፍ ብለው ባሉ «ሐሰተኛ አውታር» በሚባሉ እጥፋቶች ነው። እነሱ ሲርገበገቡ ከታች ትንፋሹ ተመጥኖ ይላካል፤ የአፍና የጉሮሮ ቅርጽ ደግሞ ቃናውን ይቀያይረዋል። ጥሩ የተማረ ዘፋኝ አጠገቡ ቢቆሙ ድምፁ የጠበቁትን ያህል ጆሮ የሚበጥስ አይደለም፤ ያን ግዝፈት የሚሰጠው ማይክሮፎኑና ስፒከሩ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ሜሊሳ ክሮስ የምትባል የድምፅ መምህርት ስሟ የታወቀው ለሜታል ዘፋኞች ይህንኑ በማስተማሯ ነው። ሳይማሩ መኝታ ቤት ውስጥ መሞከሩ ግን እውነትም ጉሮሮ ይጎዳል፤ ወሬው የመጣው ምናልባት ከዚያ ይሆናል።

የስዊድኑን ባንድ የአርክ ኢነሚን ቅጂ ብቻ የሰማ ሰው ዘፋኙ ግዙፍ ወንድ ነው ብሎ ይወራረዳል። መድረክ ላይ ሲያያቸው ግን ማይኩን የያዘችው ሴት ናት፦ ከ2000 ጀምሮ የኮሎኟ አንጌላ ጎሶቭ፣ ከ2014 ጀምሮ ለዓመታት ደግሞ ካናዳዊቷ አሊሳ ዋይት ግሉዝ። በነገራችን ላይ ፉከራ ያደመጠ ጆሮ ለዚህ ነገር ከማንም በላይ ቅርብ ነው። ፎካሪው ድምፁን የሚያሻክረው ዜማ አልሆንለት ብሎ አይደለም፤ ስሜቱ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ ነው።

ደግሞም ሜታል ሁሉ ግራውል አይደለም። የአይረን ሜይደኑ ብሩስ ዲኪንሰን ወይም የጀርመኗ ዶሮ ፔሽ ሲዘፍኑ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። የሚገርመኝ ግን «ጩኸት ነው» ከሚሉት ብዙዎቹ የሰሙት እነዚህኑ መሆኑ ነው።

«ያ የሁለት ጣት ምልክት የሰይጣን አምልኮ ነው»

አመልካች ጣትና ትንሿ ጣት ቀና፣ ሌሎቹ እጥፍ። ሜዳው በሙሉ እንዲህ እጁን ሲያነሳ ለማያውቅ ሰው ያስደነግጣል፤ በተለይ ለእኛ ለጾምና ለጸበል ሰዎች። ምልክቱን በሜታል መድረክ ላይ ያስለመደው ዘፋኙ ሮኒ ጄምስ ዲዮ ነው። በ1979 ብላክ ሳባት የሚባለውን ባንድ ሲቀላቀል፣ ከሱ በፊት የነበረው ኦዚ ኦዝቦርን በሁለቱም እጁ የሰላም ምልክት እያሳየ ሕዝቡን ያስጨፍር ነበር። ዲዮ የሱን መቅዳት አልፈለገም። ትዝ ያለው ከጣልያን የመጡት አያቱ ነበሩ፤ ክፉ ዓይን እንዳይነካቸው እጃቸውን እንዲያ ያደርጉ ነበር። ያው የኛው ቡዳ መከላከያ ማለት ነው። አያቱ ሐበሻ ቢሆኑ ኖሮ ክታብ አስረውለት፣ ሜዳው ሙሉ ክታብ እያወዛወዘ ይጨፍር ነበር።

ይህን ስል ሜታል ውስጥ ሰይጣን የሚባል ነገር ጭራሽ የለም እያልኩ አይደለም። ብላክ ሜታል በሚባለው ዘርፍ የእምነት ጥላቻቸውን በግልጽ የሚዘፍኑ አሉ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት ያቃጠሉም ከዚያው ዘርፍ ነበሩ። እነዚያን መስማት የማይፈልግ አይሰማ፤ እኔም እነሱ ሲወጡ የምሄደው ምግብ ወደሚሸጥበት ነው። ነገር ግን የመድረክ ደምና አጥንት ሁሉ እምነት አይደለም። የሮክ ዘፋኙ አሊስ ኩፐር መድረክ ላይ አንገቱን በጊሎቲን «ሲቆረጥ» ኖሯል፤ ቫከን ላይም ተጫውቷል። በግል ሕይወቱ ክርስቲያን መሆኑን ደግሞ ደብቆ አያውቅም።

«ጥሩው ቦታ መድረኩ እግር ሥር ነው»

ሰው ሁሉ በኮንሰርቱ ላይ ተቃራኒ አስተያየት ይዞ የሚመለሰው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ከመድረኩ ግራና ቀኝ እንደ ሙዝ ዘለላ ጎበጥ ብለው የተንጠለጠሉት ስፒከሮች የተነጣጠሩት ወደ ሜዳው ነው። የላይኞቹ ሩቅ ላለው፣ የታችኞቹ ቅርብ ላለው። የቤዝ ስፒከሮቹ ደግሞ መሬት ላይ ይደረደራሉ። አጥሩ ላይ ተደግፎ የቆመ ሰው ቤዙ ደረቱን ይደበድበዋል፣ ድራሙንና የጊታሩን ማጉያ በቀጥታ ከመድረኩ ይሰማል፤ የዘፋኙ ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ ከራሱ በላይ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። «ድምፁ እንኳ አልተሰማም» የሚለው ሰው አልዋሸም። ከፊት ነበር።

ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ያለው ሜዳው መሃል በተሠራ ከፍ ያለ ድንኳን ውስጥ ነው። ሚዛኑን የሚያስተካክለው እዚያ በሚሰማው ልክ ነው። ስለዚህ ሙዚቃውን መስማት የፈለገ ከዚያ ድንኳን ፊት ወይም አጠገብ ይቁም። እዚያ ሁለቱ ጊታሮች ይለያያሉ፣ በእግር የሚመታው ድራምና የቤዝ ጊታሩ ድምፅ አይምታቱም።

ከድንኳኑ ወደ ኋላ ሲኬድ ሌላ ነገር ይመጣል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ነው የሚጓዘው፤ መቶ ሜትር ለመድረስ ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። ትንሽ ይመስላል። ድራመሩ በደቂቃ 200 ምት ሲመታ ግን በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ልክ ያቺው ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ናት። ስለዚህ ኋላ የተተከሉት የስፒከር ማማዎች ድምፁን ሆን ብለው አዘግይተው ይለቃሉ፤ ያለዚያ ከፊት የመጣው ምት ከኋላው ጋር ተደራርቦ ገንፎ ይሆናል። ትልቁን ስክሪን ከሩቅ የሚያይ ሰው የድራሙ ዱላ ሲወርድ አይቶ ድምፁ ዘግየት ብሎ የሚመጣበትም በዚሁ ነው። «ድራመሩ አልያዘም ነበር» የሚል ፍርድ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደቆመ ነው።

ነፋሱም አለ። ቫከን የተዘረጋችው ሜዳማ የእርሻ መሬት ላይ ነው፤ ነፋሱን የሚያቆም ነገር የለም። ንፋስ ሲነሳ የጊታሩ ቀጭን ድምፅ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ወፍራሙ የቤዝ ድምፅ ግን አይነቃነቅም።

ከፊት መቆም ምንም ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ዘፋኙ የጆሮውን ማዳመጫ በጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ ወደ ጎን ሲገላመጥ፣ ጊታሪስቱ ላቡን በክንዱ ጠርጎ ሳይሳሳት ሲቀጥል የሚታየው ከዚያ ብቻ ነው። ለዓይን ከሆነ ፊት፣ ለጆሮ ከሆነ መሃል። ሁለቱ ዋና መድረኮች፣ ፋስተር እና ሃርደር፣ ጎን ለጎን ስለተተከሉና አንዱ ሲያልቅ ሌላው ስለሚጀምር፣ ከመሃል ሆኖ ሁለቱንም ሳይሮጡ መከታተል ይቻላል።

«የጆሮ መሰኪያ ሙዚቃውን ይገድለዋል»

ፋርማሲ የሚሸጠው የስፖንጅ መሰኪያ እውነትም ከፍተኛውን ድምፅ ቆርጦ ደብዛዛውን ይተዋል። ለኮንሰርት ተብሎ የሚሠራው ባለ ማጣሪያ ግን ሁሉንም እኩል ነው የሚቀንሰው፤ እንዲያውም ከፊት ለቆመ ሰው የዘፋኙን ቃል ያጠራለታል። የጀርመን ደንብ የኮንሰርት ድምፅ በግማሽ ሰዓት አማካይ ከ99 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ያወጣው መመዘኛ 100 ዴሲቤል ላይ ያቆማል። በዚህ መጠን ለሰዓታት ያለ መከላከያ መቆም፣ ሲመለሱ ጆሮ ውስጥ «ጭጭጭ» የሚል ነገር ይዞ መመለስ ነው። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የመስሚያ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ሜዳው ላይ የአባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ትልልቅ የጆሮ መሸፈኛ ያደረገ ሕፃን ማየት የተለመደ ነው። ልጁ በመሸፈኛ፣ አባትየው ባዶ ጆሮውን ሲሆን ግን ያናድደኛል።

«መሃል ላይ ይደባደባሉ»

ሞሽ ፒት የሚባለውን በቪዲዮ ያየ ሰው ፖሊስ ለምን እንደማይገባ ይገርመዋል። ክብ ክፍት ቦታ ይፈጠራል፣ ውስጡ ያሉት በትከሻቸው ይጋጫሉ፣ ይገፋፋሉ፣ አንዳንዴ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይሮጣሉ። ከውስጥ ግን ሕግ አለው። ቡጢ የለም። የወደቀ ሰው ካለ አጠገቡ ያሉት ቆመው ክንዱን ይዘው ያነሱታል፤ ይሄ ሳይሆን ቀርቶ አላየሁም። የጫማ ክር የሚያስር ሰው ካለ ሦስት አራት ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይከልለዋል። የወደቀ ስልክ ወይም የዓይን መነጽር ያገኘ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ባለቤቱ እስኪመጣ ይቆማል። መግባት ያልፈለገን ሰው ጎትቶ ማስገባት ነውር ነው።

በ2013 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእነዚህን ቪዲዮዎች አንድ በአንድ ተንትነው በአንድ ታዋቂ የፊዚክስ መጽሔት ላይ ጽሑፍ አውጥተዋል። ያገኙት ነገር፣ ሞሽ ፒት ውስጥ ያሉ ሰዎች ፍጥነት ልክ የጋዝ ቅንጣቶች በሚንቀሳቀሱበት መልክ የተሰራጨ መሆኑን ነው። ክብ እየሠሩ የሚሮጡት ደግሞ አዙሪት ናቸው፤ አብዛኛውም የሚዞረው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። እንዲህ ያለ ጥናት ሕዝብ በአደጋ ጊዜ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ለመረዳት ሊጠቅም ይችላል።

ጉዳት አይደርስም አልልም። ክርን አፍንጫ ላይ ያርፋል፣ ቁርጭምጭሚት ይዞራል። ጀርባውን የሚያመው ወይም እርጉዝ የሆነች ከዳር ትቁም። ከዚያው ሜዳ ላይ ግን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከነወንበሩ በእጅ ተነስቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ አጥሩ ጋ የሚጠብቁት የጥበቃ ሰዎች እቅፍ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲወርድ ይታያል። ለመደባደብ የተሰበሰበ ሕዝብ ይህን አያደርግም።

«ግማሹ ከላፕቶፕ የሚከፈት ቅጂ ነው»

እዚህ ላይ ከፊል እውነት አለ። ኦርኬስትራና መዘምራን ያለበት ሙዚቃ የሚጫወቱ ባንዶች ሰማንያ ሰው ይዘው መዞር ስለማይችሉ ያንን ክፍል ቀድተው ይዘው ይመጣሉ፤ ድራመሩ በጆሮው ምት የሚቆጥር ድምፅ እየሰማ ከቅጂው ጋር ይሄዳል። አንዱን ነገር ከሌላው መለየት ግን ያስፈልጋል። ጊታሩ፣ ድራሙና ዘፈኑ በአብዛኛው እዚያው የሚሠራ ነው፤ ስህተት ሲፈጠርም ይሰማል። የኖርዌዩ ዲሙ ቦርጊር በ2012 ቫከን ላይ ከቼክ ብሔራዊ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ከነሙሉ ተጫዋቹ ሲወጣ ያን ያህል የተወራለት፣ ሁልጊዜ የማይሆን ነገር ስለነበር ነው።

«ዩቲዩብ ላይ አይቼዋለሁ፣ ደካማ ነበር»

የስልክ ማይክሮፎን የተሠራው ለወሬ ነው። 100 ዴሲቤል ሲመጣበት ራሱን ለመከላከል ድምፁን ይጨምቃል፤ ቤዙ ይጠፋል፣ የዝግታውና የኃይለኛው ልዩነት ይጠፋል፣ ጎልቶ የሚቀረው ከጎን ያለው ጓደኛው የሚዘፍነው ነው። በዚህ ተመርቶ በባንዱ ላይ መፍረድ አይቻልም።

በተቃራኒው ደግሞ በይፋ የሚሰራጨው ቪዲዮ ከእውነቱ ያማረ ይሆናል። እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ መስመር ወደ ሌላ ሚክሰር ገብቶ፣ ሌላ ባለሙያ ነው የሚያስተካክለው፤ በኋላ ለሽያጭ ሲወጣ ደግሞ ይታረማል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጁዳስ ፕሪስት የሚባለው ባንድ በ1979 ያወጣው፣ ቶኪዮ ውስጥ የተቀዳው አልበም ላይ ዘፋኙ ሮብ ሃልፎርድ ድምፁን በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ እንደ አዲስ መቅዳቱ የታወቀ ነው፤ አድናቂዎቹም ለዓመታት ቀልደውበታል፣ አልበሙን መውደዳቸውንም አልተዉም። የሜዳውን ስሜት የፈለገ እንግዲህ በስልኩ ክሊፕና በታረመው ቅጂ መካከል የሆነ ቦታ ይፈልገው።

«ቶሎ የወረደ ባንድ ሕዝቡን ንቋል»

ፌስቲቫል ላይ ሰዓት የባንዱ አይደለም። ቀን ላይ የሚወጣ ባንድ ሦስት ሩብ ሰዓት ካገኘ ደህና ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ባንድ ሰዓት ነው። ለዋናዎቹ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ይሰጣል። «አምስት ዘፈን ብቻ ዘፍኖ ሄደ» የሚል ቅሬታ ብዙውን ጊዜ መርሃ ግብሩን ያላየ ሰው ቅሬታ ነው። በነገራችን ላይ ለእኔ ምርጦቹ ሰዓታት እነዚያ የቀኖቹ ናቸው፤ ባንዱ ወሬ የሚያበዛበት ጊዜ የለውም፣ ያለውን ሁሉ ያወርደዋል።

በ2013 ግን ሞተርሄድ የሚባለው ባንድ በእውነት አቋርጦ ወርዷል። ቀኑ የሚያቃጥል ነበር፤ ዘፋኙ ሌሚ ኪልሚስተር በዚያ ዓመት ጤናው ታውኮ ነበርና ግማሽ ሰዓት ያህል ተጫውቶ አልቻለም። በወቅቱ ያጉረመረሙ አልጠፉም። ሰውየው በታኅሣሥ 2015 ካረፈ በኋላ የዚያ ቀን ወሬ ተገለበጠ፤ ዛሬ እዚያ የነበረ ሰው «አይቼዋለሁ» ብሎ ይኮራበታል። ከተቃጠለው አስከሬኑ አመድ የተወሰነው በ2023 ወደ ቫከን መጥቶ እዚያው እንዲቀመጥ ተደርጓል።

«የነጭ ወንዶች ሙዚቃ ነው»

ሜዳው ላይ የሚበዛው ነጭ መሆኑ አይካድም። መድረኩ ላይ ግን በ2016 የቦትስዋናው ኦቨርትረስት ተጫውቷል። ቦትስዋና ውስጥ ሜታል የራሱ ወግ ያለው ነገር ነው፤ አድናቂዎቹ ከእግር እስከ ራስ ቆዳ ለብሰው፣ የካውቦይ ባርኔጣ ደፍተው ነው የሚወጡት። የቶጎው አርካን አስራፎኮር በኤዌ ቋንቋ ይዘፍናል። ከሴቶች ዶሮ ፔሽ ቫከን ላይ እንደ ቤተኛ ናት። ሜዳው ላይ እኔን ቆም ብለው የሚያዩኝ አሉ፤ ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቀጥሎ ማንን ልታይ ነው?»

«የመንደሩ ሰው መከራውን ያያል»

በፌስቲቫሉ ሰሞን ከመንደሩ ለቆ የሚሄድ አለ፤ የቀረው ግን ይሠራበታል። ፌስቲቫሉ ላይ በየዓመቱ ከሚጫወቱት አንዱ የመንደሩ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች የሙዚቃ ጓድ ነው፤ መለከትና ቱባ ይዘው ይወጣሉ፣ ጸጉሩ ወገቡ የደረሰ ሰው ሁሉ ይጨፍርላቸዋል። ልጆች በእጅ ጋሪ የእንግዳ ዕቃ እያመላለሱ ሳንቲም ይለቅማሉ። ቤተሰቦች ግቢያቸው ውስጥ ቡናና ቁርስ ይሸጣሉ። ሦስት ቀን ያልታጠበው እንግዳ ደግሞ የመንደሩ መዋኛ ገንዳ ጋ ይሰለፋል።

«ዝናብ ከጣለ አለቀ»

በ2023 ዝናቡ ለቀናት አላባራ ብሎ የካምፑ መሬት ረግረግ ሆነ። አዘጋጆቹ መግቢያውን ዘጉ፤ ከፊሉ ሰው ብቻ ገብቶ የቀረው ከመንገድ ተመለሰ፣ ገንዘቡም ተመለሰለት። ከመንገድ ለተመለሰው መራራ ዓመት ነበር፤ የዚያ ዓመት ቲኬት በሰዓታት ውስጥ ያለቀ ነበርና ዕድሉ ሁልጊዜ አይገኝም። ለገቡት ግን ዋናዎቹ ባንዶች ተጫውተዋል፣ አይረን ሜይደንን ጨምሮ፤ ሰውም ሳሳ ስላለ እስከ ሚክሰሩ ድንኳን ድረስ ሳይጋፉ መሄድ ይቻል ነበር።

ጭቃው የሚያስቀረው ኮንሰርቱን ሳይሆን መኪናውን ነው። ሲዘንብ መኪኖች እርሻው ውስጥ ሰምጠው በትራክተር ነው የሚጎተቱት፤ ስለዚህ በባቡር እስከ ቅርቧ ከተማ ኢትሰሆ ሄዶ ከዚያ በፌስቲቫሉ አውቶቡስ መግባት ይሻላል። ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦት፣ ደረቅ ካልሲ በፌስታል ታስሮ፣ ጃንጥላ ሳይሆን የዝናብ ካፖርት። ጃንጥላ ከኋላ ያለውን ሰው ዓይን ይከልላል፤ ሞሽ ፒት ውስጥ ካልተጣሉት ሰዎች ጋር እዚያ ላይ መጣላት ይመጣል።